ቢጫ ያልሆነ ወርቅ

የወርቅ ቀለም ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ትንሽ ልጅ እንኳ ሳያመነታ «ቢጫ» ይላል። መልሱ ልክ ነው፤ ልክ የሚሆነው ግን ወርቁ በዓይን ለመታየት የሚበቃ ሲሆን ብቻ ነው። የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ናኖሜትር ይባላል። የሰው ፀጉር ውፍረት በዚህ መለኪያ 80,000 ገደማ ነው። ወርቅ 20 ናኖሜትር በሚሆን ቅንጣት ደቅቆ በውኃ ወይም በመስታወት ውስጥ ሲበተን ግን ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። ማይክል ፋራዴይ ይህን ቀይ ፈሳሽ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1857 በለንደን ለሮያል ሶሳይቲ አቅርቦታል።

ለምን ይቀላል? በብረታ ብረት ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ብርሃን ሲያርፍባቸው ይወዛወዛሉ። ውኃ የሞላ ረጅም ትሪ ይዛችሁ ብትሄዱ ውኃው በጎኑ ፈጠን ብሎ፣ በቁመቱ ደግሞ ዘገም ብሎ ሲናጥ ታያላችሁ። የኤሌክትሮኖቹም ነገር እንደዚሁ ነው። በድቡልቡል የወርቅ ቅንጣት ውስጥ ውዝዋዜው 520 ናኖሜትር ከሚሆነው አረንጓዴ ብርሃን ጋር ስለሚገጥም ያ ብርሃን ተመጥጦ ቀይ ያልፋል። ቅንጣቱ እንደ ዘንግ ሲረዝም ግን በቁመቱ በኩል ያለው ውዝዋዜ ይዘገያል፤ የሚመጠጠውም ብርሃን ወደ ቀይ፣ ከዚያም አልፎ በዓይን ወደማይታየው ታህተ ቀይ ይሸሻል። ወርቁ ያው ወርቅ ነው፤ የተለወጠው ቅርጹ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ጉዳይ ማንሳት ግድ ይለኛል። በ3ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የዐባሲያ ኢራቅ ሸክላ ሠሪዎች የብርና የመዳብ ውሁዶችን ከጭቃ ጋር አዋሕደው በተለበጠ ሸክላ ላይ ይስሉ ነበር። ከዚያም ጭስ በታፈነበት ምድጃ እንደገና ሲተኩሱት በልባጡ ውስጥ የናኖሜትር ቅንጣቶች ይፈጠሩና ዕቃው እንደ ወርቅ ያብለጨልጭ ነበር። በቱኒዚያ በቀይረዋን ታላቁ መስጊድ፣ በሚህራቡ ዙሪያ የተለጠፉት ንጣፎች የዚህ ጥበብ ምስክሮች ናቸው። ይህን ይዘው «ናኖ ቴክኖሎጂን እኛ ጀመርነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኔ አልስማማም። ጠቢባኑ ዓይናቸውንና እሳታቸውን ያውቁ ነበር እንጂ ስለ ቅንጣት መጠን የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ይህ ደግሞ ክብራቸውን አይቀንሰውም። ያጡት ነገር ቢኖር ቁጥጥር ነው፤ ምድጃው በተከፈተ ቁጥር ምን እንደሚወጣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ነበር።

የዛሬው ዘዴ የሚለየው በዚሁ ቁጥጥር ነው። ሕንፃ ሠሪ ሲሚንቶ ከማፍሰሱ በፊት ካሳፎርማ እንደሚያቆም ሁሉ፣ እዚህም ወርቁ የሚፈስበት ቅርጽ አስቀድሞ ይዘጋጃል። የተወለወለ የአሉሚኒየም ዝርግ በቀዝቃዛ ኦክሳሊክ አሲድ ውስጥ ተነክሮ ከኤሌክትሪክ ምንጩ ፖዘቲቭ ጫፍ ጋር ሲገናኝ ላዩ ወደ ኦክሳይድ ይለወጣል፤ በኦክሳይዱም ውስጥ ቀጥ ብለው ወደ ታች የሚወርዱ ቀዳዳዎች ይበቅላሉ። በ40 ቮልት ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ሌላው 100 ናኖሜትር ያህል ነው፤ ቮልቱ ሲጨምር ርቀቱም ይጨምራል። ጃፓናውያኑ ሂዴኪ ማሱዳና ኬንጂ ፉኩዳ እ.ኤ.አ. በ1995 ቀዳዳዎቹ እንደ ማር እንጀራ ተስተካክለው እንዲሰለፉ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። (በነገራችን ላይ፣ በየሕንፃው ከምናያቸው ቡናማ የአሉሚኒየም መስኮቶች ብዙዎቹ ቀለም የተቀቡ አይደሉም። በእንዲህ ዓይነት ቀዳዳዎች ውስጥ ቲን የተባለ ማዕድን ገብቶባቸው ነው።)

ቀጥሎ ኦክሳይዱ ከአሉሚኒየሙ ይላቀቅና የቀዳዳዎቹ ግርጌ ይከፈታል፤ አንዱ ፊቱ በስስ ብር ይለበጥና የወርቅ ጨው በሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይላክበታል። ወርቁ ከቀዳዳው ግርጌ ጀምሮ ወደ ላይ ይሞላል። የዘንጉ ውፍረት የቀዳዳው ስፋት ነው፤ ርዝመቱን የሚወስነው ያለፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ይህ ተማሪዎቻችን በኬሚስትሪ ክፍል የሚሸመድዱት የፋራዴይ ሕግ ነው፤ ለፈተና ብቻ ነው የሚጠቅመው ለሚሉት ጥሩ መልስ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ማርቲንና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ወርቅ ያዘለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ሠርተው ቀለሙ ከዘንጎቹ ቅርጽ ጋር እንደሚለዋወጥ አረጋግጠዋል። ሽፋኑን ዘንበል ማድረግም ለውጥ ያመጣል። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታው ኤሌክትሮኖቹን በጎናቸው ብቻ ይንጣቸዋል፤ በስላች ሲመጣ ግን በቁመታቸውም ሊንጣቸው ይችላል።

ጥቅሙ የት ላይ ነው? በዘንጎቹ ዙሪያ ያለው ነገር ጥቂት ሲለወጥ የሚመጠጠውም ብርሃን ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የፈረንሳይና የቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባዮቲን የተባለው ትንሽ የቫይታሚን ሞለኪውል በእንዲህ ዓይነት ዘንጎች ላይ ሲያርፍ ከብርሃኑ ለውጥ ለመለየት ችለዋል። የበሽታ ምልክት የሆኑ ሞለኪውሎችን ከጥቂት ፈሳሽ ለመለየት ለሚደክሙ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ቀዳዳዎቹ ሁሉ እኩል አለመሙላታቸው ነው፤ አንዱ ዘንግ ረዝሞ ሌላው ካጠረ እያንዳንዱ የየራሱን ብርሃን ስለሚመጥ ቀለሙ ይደበዝዛል። ስለዚህም አንዳንዶች ወርቁን እስኪተርፍ ድረስ ሞልተው፣ ከላይ የፈሰሰውን ሞርደው ያስተካክሉታል።