ሐመል የመንዝ በግ አይደለም

በኅዳር ሌሊት መሐል ሜዳ ላይ ከቤቱ የወጣ ሰው ሰማይ እያየ አይመሰጥም፤ ብርዱ አያስቆመውም። ባናውን እስከ ጆሮው ስቦ ይመለሳል። ማሳው ላይ ገብስ የቆመለት ገበሬ ግን አንዴ ቀና ማለቱ አይቀርም። ሰማዩ ከጠራ፣ ከዋክብቱ ቦግ ካሉ፣ ነፋሱም ከተኛ ስጋት ይገባዋል። ሌሊቱ ያለ ደመና ሲያድር የመሬቱ ሙቀት ሽቅብ ይሸሻል፤ ማለዳ ውርጭ ሰብሉን ይመታል። እኔ ከልጅነቴ የማውቀው ኮከብ ማየት ይሄ ነው። ገበሬው ይሳሳታልም። ሲሳሳት ግን በነጋታው ማሳው ላይ ቆሞ ስህተቱን ያየዋል።

አሁን በስልክ ወደ ደጋው የሚወጣው ኮከብ ሌላ ነው። «የአባቶች የከዋክብት ጥበብ» ይሉታል። ግማሹ አውደ ነገሥት ከሚባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ፣ ሩቡ ከመጽሐፈ ሄኖክ የተቀዳ ነው፤ የቀረው «ዩኒቨርስ የጠየቅኸውን ይሰጥሃል» ከሚለው የፈረንጅ ስብከት የተቀየጠ ነው፤ አዲስ ሃይማኖት ለመሆን የጎደለው ስም ብቻ ነው። ፈረንጅ ያልደረሰበት፣ ካህናት የደበቁት ንጹሕ የኢትዮጵያ ፍልስፍና ነው ይባላል። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደብተራም ሳይጠየቅ ምስክር ተደርጎ ይቆጠራል።

እስቲ ንጹሕነቱን እንየው። በአውደ ነገሥት ስምህንና የእናትህን ስም በፊደል ቁጥር ትደምራለህ፣ በ12 ትገድፋለህ፣ ቀሪው ኮከብህ ነው። 1 ከቀረ ሐመል፣ 2 ከቀረ ሠውር፣ ከዚያ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ እያለ እስከ ሑት ይወርዳል። ሐመል ምንድን ነው? ዐረብኛ ነው፤ የበግ ግልገል ማለት ነው። ሠውር በሬ፣ አሰድ አንበሳ፣ አቅራብ ጊንጥ፣ ሑት ዓሣ፤ ሁሉም ዐረብኛ። ዙሐልና መሪኅ የሚባሉት ፈለኮችም እንዲሁ። አሥራ ሁለቱ ምድቦች ከባቢሎን ተነሥተው በግሪክ አልፈው፣ ከዐረብ ሊቃውንት በግብፅ በኩል ወደ እኛ የመጡ ናቸው። በግ አርቢው መንዝ የራሱን በግ ሰማይ ላይ አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስሙን በዐረብኛ ባላወጣለት ነበር።

መዋስ ነውር የለውም። የዘመን ቆጠራ መጽሐፍ የሆነውን መጽሐፈ አቡሻክርን በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ የጻፈው ግብፃዊ ክርስቲያን ነው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ ግእዝ ተመለሰ፣ ሊቃውንቶቻችንም ተምረውበታል፣ ከየት እንደመጣም አልካዱም። ነውሩ የተዋሱትን በርኖስ ለብሶ «ጸጉሩን እኔው ነኝ የፈተልኩት» ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ በዚህ ስሌት ውስጥ ሰማይ አለመኖሩ ነው። ቆጣሪው ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ፣ በቀን፣ በዝናብ ቢቆጥር ያው ነው። የሚቆጥረው ፊደል እንጂ ኮከብ አይደለም። ስምስ የትኛው? የአገራችን ሰው የቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ መታወቂያ ላይ የሚጻፍ ስም አለው። በቀድሞው ወግ ሙሽራ ስትገባ አማቷ ሌላ ስም ታወጣላታለች። ታዲያ እናትየው ባገባች ማግስት የልጇ ዕድል ተቀየረ? አንድ ዘመዴ ልጁን ሊድር ሽማግሌ ከተቀበለ በኋላ፣ የስልክ መተግበሪያ «ኮከባቸው አይገጥምም» ስላለ ነገሩ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። በክርስትና ስማቸው ሲቆጠር ገጠመ። ሠርጉን ያተረፈው የክርስትና ስም ያወጣው ካህን ነው ማለት ነው!

መጽሐፈ ሄኖክን ከፍ አድርገው ለሚያሳዩን አንድ ነገር ልበል። ሙሉው መጽሐፍ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ መቆየቱ እውነት ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡባቸውን መስኮቶችና 364 ቀን ያለውን ዓመት ይተርካል። ምዕራፍ 8ን ግን ገልጠው ያነበቡት አይመስለኝም። እዚያ ለሰው ልጅ ከዋክብትን እያዩ መጠንቆልን ያስተማሩት እነማን እንደሆኑ በስም ተዘርዝሯል፤ ከሰማይ የወደቁት መላእክት ናቸው፣ ትምህርታቸውም ከአስማትና ከሥር መቁረጥ ጋር ተቆጥሯል። መጽሐፉን ለጥንቆላ ምስክር አድርጎ መጥራት ከሳሽን ጠበቃ አድርጎ እንደ ማቆም ነው።

ሰማይን ማየትና መጠንቆል አንድ እንዳልሆኑ የራሳችን ታሪክም ያሳያል። ከመንዝ ወደ ደቡብ ያለችው ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን ነው። ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ንጉሡ ብርሃኑን ከእግዚአብሔር ነው ብሎ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ጠንቋይንና አስማተኛን ግን እያሳደደ ይቀጣ የነበረው ያው ንጉሥ ነው።

«ሰው ትርጉም ይፈልጋል፣ ዘመናዊ ትምህርት ደግሞ የአባቶቻችንን ዕውቀት ንቆብናል» የሚል ክርክር አለ። ንቀቱ እውነት ነው። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ስፋት መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ሲተከሉ ደስ ብሎናል፤ የመሪጌታውን ባሕረ ሐሳብ ከዚያ ጋር አገናኝቶ በየትምህርት ቤቱ ያስተማረልን ግን የለም። ክፍተቱን ነጋዴ ሞላው።

እውነተኛው ጥበብ፣ የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ፣ ደግሞ ያንኑ መግደፍ ነው የሚጠቀመው። በ2018 ላይ 5500 ደምር፣ 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ አንዱ ለዘመን ይተዋል፣ ወንበር 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፣ መጡም። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ነው፤ መስከረም 18 እሑድ ዋለ፣ የእሑድ ተውሳክ (የዕለቱ ጭማሪ) 7፣ ድምሩ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4። እዚህ ውስጥ ጨረቃ አለች፤ አበቅቴ የእሷን ዕድሜ ይከተላል። መሪጌታው አንዲት ቁጥር ቢስት አገር ሁሉ ያውቅበታል፣ ተማሪው ሳይቀር ያርመዋል። ኮከብ ቆጣሪውን ማን አርሞት ያውቃል? ሕመምተኛው ቢድን «ብዬ ነበር»፣ ቢሞት «ኮከቡ ከብዶት ነው»፤ ሁለቱም መልስ እኩል ያስከፍላል።

የመሐል ሜዳ፣ የራቤልና የዓለም ከተማ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ከየኔታ ጋር አስቀምጡልን። አንተም አንባቢ፣ እርሳስ አንሣና የ2019ን ነነዌ ራስህ ቁጠር። መጥቅዕ ከ14 ሲያንስ በዓሉ በጥቅምት፣ ነነዌም በየካቲት እንደሚውል፣ የቅዳሜ ተውሳክም 8 መሆኑን አትርሳ። የካቲት 15 ሰኞ ካልወጣልህ ተሳስተሃልና እንደገና ግደፍ።