የጽጌረዳው ቅጠል ምን ነካው?

ከሰቆጣ ከተማ የጻፉልን አንዲት እናት ጥያቄያቸው አጭር ነው። በግቢያቸው በር አጠገብ የተከሏቸው ሦስት የጽጌረዳ እግሮች ከሚያዝያ ወዲህ ቅጠላቸው ደብዝዞ አመድ መስሏል፤ እምቡጡም ሳይፈነዳ ይደርቃል። ጎረቤታቸው አዝነውላቸው በውሃ ላስቲክ የተቀዳ ማላታይን ሰጥተዋቸዋል። «ልርጨው ወይስ ልተወው? ከአጥሩ ማዶ የንብ ቀፎ አለ፤ በግቢው ውስጥም የአራት ዓመት ልጅ ይጫወታል» ይላሉ።

መልሳችን አይርጩት ነው። ምክንያቱን ግን ማስረዳት ይገባናል፤ ይህ ችግር የእርሳቸው ብቻ አይደለምና።

ከሁሉ አስቀድሞ ቅጠሉን ገልብጠው ይመልከቱ። አብዛኛው ሰው የሚያየው የቅጠሉን ፊት ነው፤ ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ የሚሸሸገው በጀርባው ነው። አንድ ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ ሥር ይያዙና ቅርንጫፉን መታ መታ ያድርጉት። በወረቀቱ ላይ የወደቀው ትቢያ መራመድ ከጀመረና በጣት ሲዳመጥ ቀላ ያለ መስመር ከተወ፣ እንግዳው ቀይ ሸረሪት የሚባለው ነው። ይህ ፍጡር ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ ሲሆን፣ ከመርፌ ጫፍ ብዙም አይበልጥም። የቅጠሉን ጭማቂ ስለሚመጥ ፊቱ ላይ ጥቃቅን ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል፤ ሲብስም በቅጠሎቹ መካከል ስስ ድር ያደራል። የሚወደው ደረቅና ሞቃት ወራት፣ ደግሞም አቧራ የለበሰ ቅጠል ነው። የሰቆጣ ዝናብ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ የሚያበቃ በመሆኑ፣ ግንቦት ላይ በመንገድ ዳር የቆመ ጽጌረዳ ለዚህ ፍጡር የተሰናዳ ቤት ነው። በደብዳቤው የተጻፈው ምልክት ሁሉ ወደዚሁ ያመለክታል።

ማላታይን እዚህ ላይ ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል። ቀይ ሸረሪትን እያደኑ የሚበሉ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ። መድኃኒቱ ቀድሞ የሚጨርሰው እነርሱን ነው፤ ሸረሪቱ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ጠባቂ በሌለበት ይራባል። ንብም እንዲሁ ታልቃለች። ዋግ በማሩ የታወቀ አገር ነው፤ ለሦስት እግር አበባ ሲባል የጎረቤትን ቀፎ ባዶ ማድረግ ለጉርብትናም አይበጅም።

ስለዚህ ሕክምናው ውሃ ነው። ውሃ በጀሪካን ተቀድቶ በሚመጣበት ቤት «አበባ አጥቡ» ማለት እንደ ቀልድ ሊቆጠር ይችላል፤ ነገር ግን ጎመንና ምስር የታጠበበት ውሃ ይበቃል። ጠዋት ማልደው፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ የቅጠሉን ጀርባ በኃይል ይርጩት። በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች ለቅመው ያቃጥሉ። ካልተወው ከተራ የልብስ ሳሙና አንድ የሻይ ማንኪያ ፈቅፍቀው በአንድ ሊትር ውሃ ያሟሙና ጀርባው እስኪርስ ይርጩ። አስቀድመው በአንድ ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። እንቁላሉን ሳሙና በደንብ ስለማይገድለው በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። የዱቄት ሳሙና ግን አይሆንም፤ የቅጠሉን ጠርዝ ያቃጥላል። ልብስ የታጠበበትን ውሃ ዘወትር ሥሩ ላይ የሚደፉ ቤቶች ቅጠሉ ከጠርዙ እየነደደ ሲመጣ በሽታ ይመስላቸዋል።

ሌላው በብዛት የሚታየው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ቅጠል ነው። ይህ ሻጋታ ስለሆነ ማላታይን የነፍሳት መርዝ እንደመሆኑ አንዳች አያደርገውም። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ከጥቂት የሳሙና ጠብታ ጋር በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ መርጨት ገና ሲጀምር ይገታዋል። ወተት በውሃ አቅጥኖ መርጨትም ይሠራል ይባላል፤ እውነትም ይሠራል። ይሁን እንጂ የሕፃናትን የምግብ እጥረት ለማስወገድ በ2007 ዓ.ም የወጣው የመንግሥት ቃል ኪዳን የሰቆጣን ስም ይዞ ሳለ፣ ወተቱ ወደ ልጁ ኩባያ ቢሄድ ይሻላል እንላለን።

ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ ይመጣል። ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ቅጠሉ ይረግፋል። የሚዛመተው ቅጠሉ ለብዙ ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው፤ ቁጥቋጦውን አሳስቶ መግረዝና የረገፈውን ጠርጎ ማቃጠል ዋናው መከላከያ ነው። በቅጠሉ ጀርባ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ ትቢያ ከታየ ያው ገበሬ ዋግ የሚለው ነው። (በዋግ አገር ስለ ዋግ መጻፋችንን አንባቢ ይታገሰን፤ የስም መገጣጠም ነው።) በጽጌረዳና በጀራኒየም ላይ የሚወጣው ዋግ ወደ ስንዴ ማሳ አይሻገርም፤ እያንዳንዱ የራሱን ተክል ብቻ ይመርጣል። ስለዚህ ስንዴ የሚዘሩ ዘመዶች አይስጉ።

በሽታ ያልሆነውንም እንለይ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ተክሉ ብረት አጥቷል፤ የምድጃ አመድ ያለ ልክ በተደፋበት አፈር ይህ ያጋጥማል፤ አመዱን ትተው የበሰበሰ ፍግ ይጨምሩ። የቅጠሉ ጠርዝ በመቀስ እንደተቆረጠ በግማሽ ክብ ከተበላ ደግሞ ለጎጆዋ ምንጣፍ የወሰደች የዱር ንብ ናት፤ ምንም አያድርጉ።

አሁን ወደዚያ ላስቲክ እንመለስ። በውሃ ላስቲክ የተቀዳ መርዝ ስያሜም መጠንም የለውም፤ የጠማው ልጅ ደግሞ ላስቲኩን እንጂ ውስጡን አያውቅም። ዛሬውኑ መርዝ መሆኑን ጽፈውበት፣ በቁልፍ በሚዘጋ ከፍ ያለ ስፍራ ያስቀምጡት። ወደ ቦይ ወይም ወደ ወንዝ አይድፉት፤ አወጋገዱን የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ። ምናልባት ልጅ ቀምሶት ምራቁ ቢዝረበረብ፣ ቢያስመልሰው፣ ቢያልበው ወይም የዓይኑ ብሌን ቢጠብ፣ ወተት አጠጥቶ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ላስቲኩን ይዘው ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ለጎረቤትዎም ከነምስጋናው ያስረዷቸው፤ ቤታቸው የቀረ ካለ እርሳቸውም እንዲህ ያድርጉ። ነጩ ወረቀት ላይ የወደቀው ትቢያ ካልተራመደ ግን ምርመራችን ተሳስቷልና፣ ያዩትን ዘርዝረው እንደገና ይጻፉልን።