የትምህርት ዕዳና የትምህርት ፍሬ

ዕድሜዬን ሙሉ ተማሩ ስል የኖርሁ ሰው ነኝና፥ ወጣትን ከትምህርት ቤት ደጅ ላይ ቆሜ «ቆይ፥ አስቀድመህ አስላ» የምልበት ቀን ይመጣል ብዬ ከቶ አላሰብሁም ነበር። ዛሬም አትማር አልልም። ነገር ግን ትምህርትን እንደ ጨርቅ በክንድ እየለኩ በዱቤ የሚሸጡ ሰዎች ስለበዙ፥ ገዢውም ሒሳቡን ሳይጠይቅ ስለሚፈርም፥ ዝም ማለት በደል መስሎ ታየኝ።

ነገሩን ያስነሣው አንድ የጥንት ተማሪዬ ነው። አሁን በአሜሪካን አገር፥ በዋሽንግተን አጠገብ በሜሪላንድ ይኖራል፤ ታክሲ እየነዳ ሦስት ልጆች ያሳድጋል። ባለፈው ክረምት ደውሎ «ጋሼ፥ የበኵር ልጄ ክሪሚኖሎጂ ልማር ይላል። ኮሌጁ ጥሩ ደመወዝ እንዳለው ነግሮታል። ከብድሩ አንዱን ክፍል እኔ መፈረም አለብኝ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለኝ። እኔም ሳላመነታ «ልጅ ከተማረ እንጀራው አይጠፋም፤ ፈርምለት» አልሁት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ለዚሁ ሰው ልጅ ሳለ ያንኑ ቃል ነግሬው ነበርና ነው። እርሱም ቃሌን አምኖ ተማረ፥ ዲግሪም ያዘ፤ ዲግሪው ዛሬ በሣጥን ተቀምጦ ባለቤቱ መሪ ይጨብጣል።

በነጋታው መነጽሬን አድርጌ ሒሳቡን መመርመር ጀመርሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ክሪሚኖሎጂ ማለት ወንጀል ከምን እንደሚነሣ፥ ወንጀለኛም እንዴት እንደሚታረም የሚመረምር ጥናት ነው። የተከበረ ጥናት ነው፤ ብዙ ስሕተትም አልፎበታል። ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ወንጀለኛ ሆኖ የተወለደ ሰው በራስ ቅሉና በፊቱ አሠራር ይታወቃል ብሎ ነበር፤ ጥናቱ ሲበስል ያ ሐሳብ ወደቀ። በአሜሪካም የበርክሌይ ከተማ የፖሊስ አዛዥ ኦገስት ቮልመር በ1908 ለፖሊሶቹ ትምህርት ቤት ከፈተ። የሚያስገርመው፥ የፖሊስን ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ያስገባው ይህ ሰው ራሱ በዩኒቨርሲቲ አልተማረም።

በ1967 ለፕሬዚደንቱ የቀረበ አንድ የጥናት ጉባኤ፥ ፖሊስ ሁሉ ውሎ አድሮ ባለዲግሪ ይሁን ብሎ መከረ። በ1968 ሕግ ወጣ፤ መንግሥትም ለሚማሩ ፖሊሶችና ፖሊስ ለመሆን ለሚፈልጉ ገንዘብ አበደረ፥ ካገለገሉም ዕዳውን ይተውላቸው ነበር። ኮሌጆቹ ገንዘቡን ባዩ ጊዜ ክፍሉን እየተሽቀዳደሙ ከፈቱ። ከዓሥር ዓመት ጥቂት እንዳለፈ የመንግሥቱ ገንዘብ ቆመ፤ ክፍሉ ግን አልተዘጋም። ወጪው ወደ ተማሪው ኪስ ዞረ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አሁን ቍጥሩን እንይ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በግንቦት 2024 እንደመዘገበው፥ የፖሊሶችና የመርማሪዎች የዓመት ደመወዝ መካከለኛው ከ77,000 ዶላር በላይ ነበር፤ የወህኒ ቤት ጠባቂዎች 58,000 ገደማ፤ ፍርድ ቤት በገደብ የለቀቃቸውን ሰዎች የሚከታተሉት 64,000 ገደማ። ኮሌጁም ለልጁ ያሳየው የመጀመሪያውን ቍጥር ነው። ውሸት አልተናገረም። ነገር ግን ያ ደመወዝ የዲግሪው ዋጋ ነውን? አይደለም። ብዙዎቹ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰውን ይቀበላሉ፤ ራሳቸው ያሠለጥኑታል፥ እያሠለጠኑም ይከፍሉታል። የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ እንኳ ይጠይቀው የነበረውን 60 የኮሌጅ ክሬዲት በ2025 ወደ 24 ዝቅ አደረገው። ዲግሪ የሚጠይቀው ኤፍ ቢ አይም ቢሆን ዲግሪ ይኑርህ ይላል እንጂ በክሪሚኖሎጂ ይሁን አይልም፤ ሒሳብ አዋቂውንም፥ ቋንቋ አዋቂውንም ይቀጥራል። ከሦስቱ ሥራዎች ዲግሪን አጥብቆ የሚሻው ሦስተኛው ነው፤ እርሱም ከፖሊሱ ያነሰ ይከፍላል። በምርምር ክሪሚኖሎጂስት ተብሎ ለመቀጠርም ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

በወላጁ ሥር ያለ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪው በራሱ ስም ከመንግሥት የሚበደረው ጣሪያ 31,000 ዶላር ነበር። የ2025–26 ወለዱ 6.39 በመቶ ነው። ይህን በዓሥር ዓመት ልክፈል ቢል በየወሩ 350 ዶላር፥ በጠቅላላው 42,000 ገደማ ይከፍላል። የቀረውን አባት ይፈርማል፤ የአባቱ ብድር ወለድ በዚያው ዓመት 8.94 በመቶ ነበር። ልጁ በአራቱ ዓመት ሠርቶ ሊያገኝ ይችል የነበረው ደመወዝ በዚህ ውስጥ አልተቈጠረም።

ይህ ሁሉ በቅን ኮሌጅ ነው። ቅን ያልሆነውንስ? ዌስትዉድ የሚባል ኮሌጅ በኢሊኖይ የወንጀል ፍትሕ ዲግሪ ይሸጥ ነበር። የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2012 ከሰሰችው። ክሱ እንደሚለው ትምህርቱ ከ70,000 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር፤ ለተማሪዎቹም የቺካጎ ፖሊስና የግዛቲቱ ፖሊስ ይቀጥሯችኋል ይባል ነበር፤ እነዚያ መሥሪያ ቤቶች ግን የኮሌጁን ዕውቅና አይቀበሉትም ነበር። ኮሌጁ በ2016 ተዘጋ። በ2022 መንግሥት የ79,000 ተማሪዎቹን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሰረዘ። ዕዳው ተሰረዘ፤ የባከነው የጕልማስነት ዘመን ግን በየትኛው መዝገብ ይሰረዛል? ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ በእነዚህ ሰዎች አይሳለቅ፤ ሳሩን እያሳየ ወደ ገደሉ የመራቸው ሌላ ነው።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ባነብለት ተቈጣ። «ዕውቀት በገንዘብ አይመዘንም። እንደ ነጋዴ ማሰብ ከመቼ ወዲህ ጀመርህ?» አለኝ። ንግግሩ ያማረ ነው፤ እኔም አርባ ዓመት ያህል ተናግሬዋለሁ። ነገር ግን ዕውቀትን የሚሸጡት በገንዘብ ሲመዝኑት፥ የሚገዛው ድኻ ብቻ አትመዝን ይባላልን? ባለጠጋው ልጅ ለደስታው ይማር፤ ቢሳሳት አባቱ ይከፍልለታል። የታክሲ ነጂው ልጅ ቢሳሳት ግን የሚከፍሉት ታናናሽ ወንድሞቹ ናቸው። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር አስተማሪያችን ዓርብ ዓርብ የእርሳስና የደብተር ወጪያችንን በመዝገብ ታስጽፈን ነበር፤ አንድ ሳንቲም ቢጐድል ጨዋታ አንወጣም። ያን ጊዜ ንፉግነት መስሎኝ አዝንባት ነበር።

በሦስተኛው ቀን መልሼ ደወልሁና «የተናገርሁትን ሽሬዋለሁ፤ ወረቀቱን እንዳትፈርም» አልሁት። ደነገጠ። ልጁን አገናኘኝ። አማርኛው እየተሰባበረ «አባባ፥ እኔ ደመወዝ ብዬ አይደለም። ከእኔ ጋር የተማረ ልጅ በዓሥራ ሰባት ዓመቱ ታሰረ። ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለኝ። በእውነቱ ይህን ስሰማ ቍጥሬ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ሐሳቡ ከኮሌጁ ማስታወቂያ ይልቅ የነጻ ነበር። ስለዚህ አትማረው አላልሁትም። «ልጄ፥ እንግዲህ ያን ሥራ የሚሠሩት በገደብ የተለቀቁትን የሚከታተሉት ናቸው። ወደ መሥሪያ ቤታቸው ሂድና የትኛውን ዲግሪ፥ ከየትኛው ኮሌጅ እንደሚቀበሉ፥ ለጀማሪም ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቅ። ሁለቱን ዓመት ከቤትህ እየተመላለስህ በሕዝብ ኮሌጅ ብትማር ክሬዲቱን ዩኒቨርሲቲው ይቈጥርልህ እንደሆነ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቅ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል» አልሁት።

ሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ጠይቆ አንደኛው መልስ ሰጥቶታል፤ የዩኒቨርሲቲውን እየጠበቀ ነው። ያልተፈረመው የብድር ወረቀት በአባቱ ታክሲ ውስጥ፥ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ተቀምጧል።