የቤተሰብ ዓምድ፦ አረፋና ቁጠባ



በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከመቀስቀሱ በፊት፣ በደቡብ ካርቱም በምትገኘው ማዮ ውኃ በአህያ ጋሪ እየተጫነ ይሸጥ ነበር። ውኃ በሚገዛበት ቤት ጢም መላጨትም የወጪ ጉዳይ ነው።

ሳሙና አረፋ አልሰጥ ሲል ጥፋቱ ዘወትር የሳሙናው አይደለም፤ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት የጉድጓድ ውኃ ከሳሙናው ጋር ተዋሕዶ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። የዝናብ ውኃ ከተገኘ ይመረጣል።

በቅድሚያ ጢሙ በለብታ ውኃ ይራስ። ብሩሹ ተራግፎ በሳሙናው ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይሽከርከር፤ ከዚያም ውኃ በጠብታ እየተጨመረ አረፋው እንደ እርጎ እስኪወፍር ፊት ላይ ይታሽ። ሳሙናው ከውኃ ርቆ ከደረቀ ዕድሜው ይረዝማል።

ምላጭ ግን ለወንድምም አይዋስም፤ ከምላጭ የሚተርፍ ሳንቲም በደም የሚተላለፈውን የጉበት በሽታ ዋጋ አይከፍልምና።