የቡና ዋጋና የመንግሥታት ፖለቲካ

በአገሮች መካከል የሚካሄደው ንግድ በአቅርቦትና በፍላጎት ብቻ ይመራል የሚሉ ሰዎች አሉ። በእነርሱ አስተያየት ዕቃ ሲበዛ ዋጋው ይረክሳል፤ ሲያንስ ይወደዳል፤ የመንግሥታት ወዳጅነትና ጠላትነት ግን በገበያ ውስጥ ቦታ የለውም። አባባላቸው ከፊል እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1975 በብራዚል የወረደው ውርጭ እጅግ ብዙ የቡና ዛፍ በማጥፋቱ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቅቧል። ይሁን እንጂ የቡና ንግድ ታሪክ በጥሞና ሲመረመር ኢኮኖሚና ፖለቲካ ተነጣጥለው ሊታዩ እንደማይችሉ ያስረዳል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የሚመረተው ቡና ከሚጠጣው በልጦ ስለነበረ ዋጋው ወደቀ። በዚህም አምራች አገሮች፣ በተለይም የላቲን አሜሪካ አገሮች፣ በብርቱ ተቸገሩ። በ1959 የኩባ አብዮት ድል ባደረገ ጊዜ ዩናይትድ ስቴትስ ድህነት ሌሎች ጎረቤቶቿንም ወደ ሶቪየት ኅብረት ጎራ እንዳይገፋቸው ሠጋች። ስለዚህም በዓለም ከሁሉ የበለጠ ቡና ገዢ የነበረችው ይህች አገር የቡናን ዋጋ ከመውደቅ የሚደግፈውን ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት በ1962 ደገፈች። በስምምነቱ መሠረት እያንዳንዱ አምራች አገር ወደ ውጭ የሚልከው ቡና በኮታ ተወሰነ፤ ገዢዎቹም ኮታው እንዲከበር ለመተባበር ተስማሙ። ገዢ የሚገዛው ዕቃ እንዳይረክስ መስማማቱ በገበያ ሕግ ብቻ ለሚመለከተው ሰው እንቆቅልሽ ነው፤ በፖለቲካ ዓይን ሲታይ ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው።

የኮታው ሥርዓት አልፎ አልፎ እየተቋረጠም ቢሆን እስከ 1989 ድረስ ሠራ። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር ግን ፈረሰ። አምራቾች በድርሻ ክፍፍል አለመስማማታቸውና የስምምነቱ አባል ላልሆኑ አገሮች ቡና በርካሽ መሸጡ ለመፍረሱ ምክንያት ሆነዋል። ከዚህም ሌላ ቀዝቃዛው ጦርነት ወደ ማብቂያው በመቃረቡ ዩናይትድ ስቴትስን ወደ ስምምነቱ ያመጣት ሥጋት ተዳክሞ ነበር። በመጋዘን የተከማቸው ቡና ወደ ገበያ ጎረፈ፤ ዋጋውም በጥቂት ወራት ውስጥ በግማሽ ያህል ወደቀ። በአንድ ሌሊት የበቀለ አዲስ የቡና ዛፍ አልነበረም፤ የተለወጠው የመንግሥታት ውሳኔ ነው።

በዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ከሚገኘው ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የቡና ነበር። አገሪቱ ነዳጅ፣ መድኃኒትና መለዋወጫ የምትገዛበት የውጭ ምንዛሪ በአብዛኛው ከዚሁ ምርት ይገኝ ስለነበረ፣ የዋጋው መውደቅ ጉዳት ከቡና አብቃዩ ገበሬ አልፎ ቡና ተክሎ ለማያውቀውም ዜጋ የሚተርፍ ነበር። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። በቡና ንግድ የታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ኃያላኑ ሲፎካከሩ ተደግፎ የቆየው ዋጋ ፉክክራቸው ሲበርድ ወደቀ።

ከዚህ የምንረዳው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸንቶ የሚቆየው የወለደው ጥቅም እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑን ነው። እንግዲህ በአንድ ጥሬ ምርት ላይ የተደገፈች አገር ኑሮዋን በሌሎች መንግሥታት ፍላጎት ላይ መሥርታለች ማለት ነው። ከዚህ ለመውጣት የምርቷን ዓይነት ማብዛት፣ ጥሬውን ምርት አዘጋጅቶ መሸጥና ከመሰል አምራቾች ጋር ተባብሮ መደራደር ይገባታል። ዜጎቿም ስለ አንድ የንግድ ውል ሲሰሙ «ስንት ያስገኛል?» ብለው መጠየቅ ብቻ አይበቃቸውም። «ሌላው ወገን ለምን ፈለገው? ፍላጎቱስ እስከ መቼ ይቆያል?» ብለውም ሊጠይቁ ይገባል። የመጀመሪያው ጥያቄ የኢኮኖሚ፣ ሁለተኛው የፖለቲካ ነው፤ አንዱን ያለ ሌላው የሚጠይቅ ሕዝብ ውሉን በግማሽ ብቻ ያነበበ ሕዝብ ነው።