ክትባት ከደመና ይቅደም

በአዳማና በአካባቢዋ የሚደልቡት ሰንጎች ለአገር ትልቅ ሀብት መሆናቸው የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ክረምት በገባ ቁጥር «ዘንድሮም ዝናቡ ከብቱን ፈጀው» ሲባል እንሰማለን። እኛ ግን ዝናቡን መክሰስ ይበቃል እንላለን። ዝናቡ የሚመጣበት ወር የታወቀ ነው፤ ያልታወቀው ክትባቱ የሚመጣበት ቀን ነው።

የአባ ሰንጋ ጀርም በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ይቆያል። ሣሩ አጥሮ ከብቱ እስከ አፈሩ ሲግጥና ዝናብም መሬቱን ሲያጥበው ይነሣል። የጎሮርሳ ጀርም ደግሞ በጤነኛ ከብት አፍንጫና ጉሮሮ ተደብቆ ይኖራል። ከቦረና በጭነት መኪና ተጨናንቆ፥ ተርቦና ተጠምቶ የመጣ ኮርማ ጭቃ በረት ውስጥ ሲያድር ጀርሙ ወደ ሳንባው ይወርዳል።

«ገበሬው ክትባት ይጠላል» የሚሉ አሉ። ምክንያቱን ጠይቀዋልን? የተከተበ ከብት መከላከያ እስኪያበጅ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በሽታው መንደር ከገባ በኋላ መርፌ ሲመጣ ግን፥ አስቀድሞ የተያዘው ከብት ተወግቶ በማግሥቱ ይሞታል፤ «መርፌው ገደለው» ይባላል። ታዲያ የሚወቀሰው ገበሬው ነው ወይስ የዘገየው?

በክፉ ቀን ዘመን የአያቶቻችንን ከብት የፈጀው ደስታ የሚባለው በሽታ ዛሬ የለም። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከእርሱ ነጻ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ይህ የሆነው በክትባትና በክትትል እንጂ በዕድል አይደለም። የከብት ክትባትም የሚሠራው በጎረቤታችን በቢሾፍቱ ነው።

ስለዚህ ክትባቱ በበጋው፥ ደመና ሳይቋጠር ይፈጸም። ኮርማው ከመጫኑ ከሁለት ሳምንት በፊት ይከተብ፤ እንደ ደረሰም ከነባሮቹ ተለይቶ፥ ውሃና ድርቆሽ አግኝቶ፥ በደረቅ በረት ይረፍ። በድንገት የሞተ፥ ከአፍንጫው ደም የፈሰሰው ከብት አይገፈፍ፤ ሥጋውም ለጎረቤት አይከፋፈል። አባ ሰንጋ ሰውንም ይገድላልና ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። መምህራኖቻችን ያስተማሩን በደብተር ብቻ እንዳይቀር፥ ለበዓል ወደየቤታችን ስንሄድ ይህንኑ እናስረዳ። «ከብቱ ደኅና ነው?» ማለት የአገራችን ሰላምታ ነው፤ ከእንግዲህ «ተከትቧል ወይ?» የሚል ይታከልበት።