ፍርድ ቤት ፈትቶት ፖሊስ ያልፈታው

የሙግቱ ጭብጥ፦ የኢትዮጵያ መንግሥት ለሰብዓዊ መብት አዲስ የሕግ ግዴታ ይግባ? በወንጀል ችሎት የሚቆም ጠበቃ «ይግባ» ይላል። የቀድሞ ዓቃቤ ሕግ «አሁን አይደለም» ትላለች።

ጠበቃው

ተረኛ ችሎት የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዳኛው ዋስትና ይፈቅዳል። ቤተሰብ ተሯሩጦ ገንዘቡን ያሲይዛል፤ ደረሰኙንና የመፍቻ ትዕዛዙን ይዞ ጣቢያ ይደርሳል። በር ላይ ያለው ፖሊስ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «መርማሪው የለም፣ ነገ ኑ» ይላል። በነጋታው እስረኛው ሌላ ክልል ይፈለጋል ተብሎ ተወስዷል። እዚያ ደግሞ አዲስ ጊዜ ቀጠሮ፣ አዲስ 14 ቀን። ችሎት ላይ «ለምን አልተፈታም?» ብለን ስንጠይቅ የሚመጣልን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፤ እምቢ ያለው ሰው ራሱ አይመጣም።

ማሰቃየትም እንዲሁ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ታሳሪን የደበደበ ሹም በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ትቷል፤ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የሚደርሰው ነገሩ ሲከብድ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የፀረ ማሰቃየት ስምምነት የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ሰኔ 2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቆመው መንግሥት ራሱ ሰው ያሰቃይ እንደነበር አምነዋል። ይህ ይፈጸምበት የነበረው የምርመራ እስር ቤት ማዕከላዊም ተዘግቶ ኋላ ለጎብኚ ተከፈተ። ጉብኝቱ ደግ ነበር፤ አንቀጽ 424 ግን ጎብኚ አልመጣለትም።

ስለዚህ ማሰቃየት በስሙ ተጠርቶ መቀጮ የማያድንበት ወንጀል ይሁን። የፍርድ ቤትን የመፍቻ ትዕዛዝ ያልፈጸመ አዛዥ በግሉ፣ ከኪሱም ጭምር ይጠየቅ። የፀረ ማሰቃየት ስምምነቱ አማራጭ ፕሮቶኮልም ይጽደቅና ገለልተኛ ባለሙያዎች ማረፊያ ቤቶቻችንን ገብተው ይዩ።

ዓቃቤ ሕጓ

ወንድሜ ያሉትን በር እኔ ከውስጥ በኩል አውቀዋለሁ። እዚያ በር ላይ የጎደለው አንቀጽ አይደለም። ሕግ ተላልፎ ሰው ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ይደነግጋል። ሕጉ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ታዲያ መዝገቡን የሚያጣራው ማነው? ፖሊስ። ተጠርጣሪውስ? ፖሊስ። ፋይሉ ዓቃቤ ሕግ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ የሐኪም ማስረጃ የለውም፤ ያለው ምስክር አብሮት የታሰረ ሰው ነው፤ እሱም ገና አልተፈታም። ማነው እዚያው ክፍል እያደረ በጠባቂው ላይ የሚመሰክር? አዲስ አንቀጽ ብንጨምርም ፋይሉ በዚያው መንገድ መጥቶ በዚያው መንገድ ይዘጋል።

በቃልማ ማን ይስተካከለናል! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የጸደቀ ስምምነት ሁሉ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። የሕፃናት መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ሲጸድቅ ግን በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የማጽደቂያው አዋጅ እንጂ የስምምነቱ ሙሉ ቃል አልነበረም። የወረዳ ዳኛ ባላነበበው ሕግ እንዴት ይፍረድ? ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው እየተባለም ብዙ ዳኛ የሕገ መንግሥቱን የመብቶች ምዕራፍ፣ ምዕራፍ ሦስትን፣ በሩቁ ማየት ለምዷል።

የምፈራው ሌላ ነው። ፊርማ ርካሽ ነው። ጄኔቭ ላይ ይጨበጨብለታል፤ ሪፖርት ላይ «ኢትዮጵያ አጽድቃለች» ተብሎ ይሰፍራል። ፖሊስን የሚመረምር ከፖሊስ ውጭ የሆነ ክፍል ማቋቋም ግን ሰው ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል፣ ሐኪም ይፈልጋል፣ በጀት ይፈልጋል። መንግሥት ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያነሳ ለመገመት ጠንቋይ አያሻም። ስለዚህ ርካሹን አናቅርብለት።

ጠበቃው

የሕፃናት ስምምነቱን ማንሳትዎ እኔን ይረዳል። ሙሉ ቃሉ አልታተመም፤ እውነት ነው። በ2000 ዓ.ም. ግን አክስት ያሳደገችውን ልጅ አባት ልውሰድ ሲል፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ይህንኑ ስምምነትና የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ይቀድማል አለ። የሥር ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ ሻረ። በወቅቱ በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረትም የሰበር ትርጉም የታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድድ ነበር፤ ዛሬም ያስገድዳል። ስምምነቱ ባይጸድቅ ኖሮ ያ ችሎት ምን ይጠቅስ ነበር? ጋዜጣው ላይ እስኪታተም አልጠበቀም እኮ።

ከፖሊስ ውጭ የሆነው መርማሪም ያስማማኛል። እሱስ ያለ አዋጅ ይቋቋማል?

ዓቃቤ ሕጓ

ያ ክርክር የአባትና የአክስት ነው። መንግሥት ተከራካሪ አልነበረም፤ «አልፈታም» ያለ አዛዥም አልነበረበትም። በልጅ አስተዳደግ ላይ ደፋር የሆነ ችሎት በፖሊስ አዛዥ ላይም ይደፍራል ማለት አይደለም።

አዋጅ ይውጣ ካሉም ከውጭ ጎብኚ አንጀምር። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን ሳያስታውቅ ማረፊያ ቤት እንዲገባ አዋጅ ቁጥር 1224/2012 ፈቅዶለታል። ገብቶ ያየውን ይዞ ሲወጣ ነው ነገሩ የሚቆመው። የኮሚሽኑ ግኝት ከደረሰው ቀን አንሥቶ ዓቃቤ ሕግ በስንት ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት፣ ወይም ያልከሰሰበትን ምክንያት በጽሑፍ መስጠት እንዳለበት ይወሰን፤ ቀኑ ካለፈ ተበዳዩ ራሱ ችሎት ይቅረብ። ይህም አዲስ ግዴታ ነው ይሉኛል። ነው። ግን የሚወድቀው ወረቀቱ ሥር ስሙን ጽፎ በሚፈርም አንድ ዓቃቤ ሕግ ላይ ነው፤ የቀድሞ ባልደረቦቼ እንደሚቀየሙኝም አውቃለሁ።